ታጥቦ የቀረው የማን ነው?

አማርኛ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውንም በአንድ ስም ጅማት ይለዋል። ሁለቱም ደም እምብዛም ስለማይደርሳቸው ከተበጠሱ በቀላሉ አይሽሩም። የሕብረ ሕዋስ ምሕንድስና የሚባለው የሕክምና ዘርፍ ካቀረባቸው መላዎች አንዱ፣ ከእንስሳ የተወሰደ ስስ ሽፋን ሕዋሳቱ ታጥበው ከወጡለት በኋላ በተበጠሰው ጅማት ላይ መስፋት ነው። የቀረው ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን መረብ ነው፤ በእርሱም ላይ የታካሚው ሕዋሳት ሰፍረው አዲስ ጅማት ይሠራሉ ተብሎ ይታሰባል።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የሐኪሞች ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለትከሻ ጅማት ከዋሉት ሽፋኖች አንዱ የተሠራው ከአሳማ ትንሹ አንጀት ነበር። በአፍሪካ ቀንድ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አሳማን በአብዛኛው አይቀምስም፤ የበሬው ሥጋ እንኳ ማን እንዳረደው ሳይጠየቅ ገበታ ላይ አይወጣም። ታዲያ ሕዋሱ ታጥቦ የወጣለት አንጀት አሁንም አሳማ ነውን?

አይደለም የሚል ሰው ብርቱ ክርክር አለው። እንስሳውን እንስሳ የሚያሰኘው ሕይወቱ ከሆነ የቀረው ባለቤቱ የወጣበት ቤት ነው። ከእስልምና ሊቃውንትም መካከል ርኩስ ነገር ባሕርዩ ፈጽሞ ከተለወጠ ፍርዱም ይለወጣል የሚሉ አሉ። እኔም ወደዚህ አደላለሁ።

ሆኖም «ታጥቧል» የሚለው ቃልም ይመርመር። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት በዚያው ሽፋን ውስጥ የአሳማ ዲኤንኤ አገኘ። ቤቱ ባዶ አልነበረም። በ2006 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ክፉኛ የተጎዱ 30 ትከሻዎችን አነጻጸረ፤ ሽፋኑ ከተሰፋባቸው 15 ትከሻዎች የ4ቱ ጅማት ሲድን፣ ካልተሰፋባቸው 15 የ9ኙ ድኗል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ ሐኪሙ በልቡ «ያው ፕሮቲን ነው» ብሎ ዝም ማለቱ ነው። የቀረው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በማጉሊያ መነጽር ብቻ አይመለስም፤ ዝም ያለው ሐኪም ግን ስለ ሌላው ሰው ሆኖ መልሶታል። ቢነገረው እምቢ ብሎ ትከሻው ሰንፎ ይቀራል ይባል ይሆናል። ለዕለት ጉርሱ ሸክም ለሚሸከም ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ቢሆንም እምቢታውም ትከሻውም የእርሱ ናቸው። ደግሞም ሌላ መንገድ አይጠፋም፦ በአሜሪካ በ2020 ለጉልበት ጅማት የተፈቀደው ስፖንጅ ከከብት ኮላጅን ተሠርቶ በታካሚው በራሱ ደም ይርሳል። ከብቱስ እንዴት ታረደ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ይጠይቅ።