«እኔ የትም ይሁን ግድ የለኝም»

በእኛ ቤተሰብ ምግብ ቤት ሊመረጥ ሲል ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው «እኔ የትም ይሁን ግድ የለኝም» የሚለው ነው። እናንተም ቤት እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ «እናንተን የተመቻችሁ» ይከተላል፤ ከዚያ «ልጆቹ የሚወዱት ይሁን»። አሥራ አራት ሰው ግድ የለኝም ካለ፣ በሂሳብ ደረጃ ነገሩ አልቋል፤ ዓይን ጨፍኖ አንዱን መጠቆም ነው። ግን አላለቀም፤ ሁላችንም እናውቃለን። ግድ የለኝም ያለው ሰው ግድ አለው። ዝም ያለው ፍላጎት ስለሌለው ሳይሆን ፍላጎቱ ሌላው ላይ ሸክም እንዳይሆን ብሎ ነው።

ታዲያ መራጩ ምን ያድርግ? ቃላቸውን አምኖ ደስ ያለው ቦታ ይውሰዳቸው? ወይስ ያልተናገሩትን ገምቶ ይወስንላቸው? የመጀመሪያው ግዴለሽነት ይመስላል፣ ሁለተኛው ድፍረት። የአንድ ምሳ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን ስለ ፍትሕ ካነበብኳቸው መጻሕፍት በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ዘመዶቼ የሚኖሩት በሰሜን ካሊፎርኒያ ከተሞች ተበትነው ነው፤ ኦክላንድ፣ ሳን ሆዜ፣ ጥቂቶቹ ሳክራሜንቶ። በነሐሴ አክስቴ ከአዲስ አበባ መጣችና ሁላችንም አንድ ቀን አብረን እንዋል ተባለ። ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የኛ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ግን «እንጀራ ለመብላት ነው እንዴ ውቅያኖስ የተሻገረችው?» ተባለና ወይን አገር፣ ናፓ፣ ተመረጠ። ምግብ ቤቱን መፈለግ እኔ ላይ ተጣለ። ምክንያቱ «ኮምፒውተር ላይ የምትውለው አንተ ነህ» የሚል ነው።

ናፓ ሸለቆ ከሳንፍራንሲስኮ በስተሰሜን ነው። ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ወርዱ ሰፊ በሆነበት ቦታ እንኳ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች ጠባብ መሬት ላይ ከ400 በላይ የወይን ጠጅ መጥመቂያዎች አሉ። ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ውስጥ በተካሄደ የቅምሻ ውድድር ነው፤ ፈረንሳዊ ዳኞች የጠርሙሱን ስም ሳያዩ ቀምሰው በነጩም በቀዩም ለናፓ አንደኝነቱን ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡም እንግዳውም ጎረፈ። ዮንትቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው «ፍሬንች ላውንድሪ» ለአንድ ሰው ከ300 ዶላር በላይ ያስከፍላል። በሀይዌይ 29 ጥቂት ወደ ሰሜን ስትነዱ ደግሞ ሴንት ሄለና ላይ ከ1949 ጀምሮ የቆመ፣ ዛሬ «ጎትስ» የሚባል የመንገድ ዳር በርገር ቤት አለ፤ ሰው ሣር ላይ ባሉ የእንጨት ጠረጴዛዎች ተቀምጦ ይበላል። ብዙ ሰው እዚያ አገር ምሳ የሚበላው መጥመቂያዎቹ ጋ ይመስለዋል፤ የናፓ ካውንቲ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ደንብ መጥመቂያዎች ወደ ሬስቶራንትነት እንዳይቀየሩ ገድቧል። ስለዚህ ምሳ የሚፈለገው በአብዛኛው በከተሞቹ ውስጥ ነው። ምርጫው ብዙ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው።

አንድ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ኮከብ መቁጠር ነው። 4.7 ያለው ከ4.4 ይሻላል፣ በቃ። ግን ኮከቡን የሰጡት እነማን ናቸው? የኔ ዘመዶች አይደሉም። ከኔዎቹ መሀል አክስቴ ፍልሰታን ትጾማለች፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። የአጎቴ ልጅ ባል ሙስሊም ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥ አትችልም። ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆች አሉ። አንዱ አጎቴ በሳምንት ስድስት ቀን ሰው ሲያመላልስ ነው የሚውለው፤ 70 ዶላር ለምሳ ማውጣት ይከብደዋል፣ ግን ከሚናገር ቢሞት ይሻለዋል። አንድ የአክስቴ ልጅ ደግሞ መጠጥ ካቆመ ዓመት ሞልቶታል፤ ይህን ከአሥራ አራታችን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን።

አማካይ ቁጥር እነዚህን ሰዎች ይውጣቸዋል። አሥራ ሦስቱ እጅግ ተደስተው አንዷ ሎሚ ውሃ ይዛ ብትቀመጥ፣ አማካዩ አሁንም ቆንጆ ነው። ሰርቨር ስንሠራ እንኳ አማካይ ፍጥነት ብቻ አይተን አንተኛም፤ ከመቶ ተጠቃሚ ከሁሉ የዘገየበት አንዱ ስንት ሰከንድ እንደጠበቀ እንለካለን። ለማሽን ይህን ያህል ከተጨነቅን ለአክስት ማነስ የለበትም።

ፈላስፋው ጆን ሮውልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የፍትሕ መጽሐፉ ተመሳሳይ ነገር ጠይቋል። ነገ ሀብታም ትሁን ደሃ፣ ጤነኛ ትሁን ታማሚ ሳታውቅ የማኅበረሰብህን ሕግ ምረጥ ብትባል ምን ትመርጣለህ? የሱ መልስ፣ ከሁሉ የባሰ ቦታ ላይ የሚወድቀውን ሰው የሚጠብቀውን ሕግ ትመርጣለህ የሚል ነው። ሮውልስ ያሰበው ስለ ማኅበረሰብ መሠረታዊ አወቃቀር እንጂ ስለ ምሳ አልነበረም፤ ግን ጥያቄው ወደ ምሳም ይወርዳል። ጠዋት ስትነሳ ከአሥራ አራቱ የትኛው እንደምትሆን ባታውቅ የትኛውን ሬስቶራንት ትመርጥ ነበር?

«ለምን ድምፅ አይሰጡም?» ትሉ ይሆናል። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፖል እንክፈት ያለ ሰውም ነበር። ድምፅ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሦስት ሰዎች ሦስት ቦታዎችን በተለያየ ቅደም ተከተል ቢመርጡ ብዙኃኑ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከአንደኛው ሊያስበልጥ እንደሚችል ኮንዶርሴ የተባለ ፈረንሳዊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሳይቷል። የኛ ቤት ችግር ግን ከዚያ በፊት ነው የሚጀምረው። ቆጠራው ትክክል ቢሆን እንኳ የሚቆጠረው ድምፅ እውነት አይደለም። አጎቴ ከሁሉም ውድ የሆነውን ይመርጣል፤ ርካሹን መረጠ እንዳይባል። አክስቴ ልጆቹ በርገር እንደሚወዱ ስለሰማች በርገር ቤቱን ትመርጣለች።

የማኔጅመንት ምሁሩ ጄሪ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1974 የጻፈው አንድ የቤተሰብ ታሪክ አለ። ቴክሳስ ውስጥ፣ በሚያቃጥል የሐምሌ ሙቀት፣ ቤተሰቡ በረንዳ ላይ ዶሚኖ እየተጫወተ ሳለ አማቱ «አቢሊን ሄደን እንብላ» ይላሉ። ሁሉም እሺ ይላል። ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደው፣ መጥፎ ምግብ በልተው፣ አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ። ቤት ገብተው ሲያወሩ ማናቸውም መሄድ አልፈለጉም ነበር፤ ሐሳቡን ያመጡት ሰው ራሳቸው ሌሎቹ የሰለቻቸው መስሏቸው ነው የተናገሩት። ሃርቪ ይህን እንደ እንግዳ ነገር ነው የተረከው። ለኛ ግን ምኑ ያስገርማል? እኛ እኮ ስም አለን ለሱ፤ ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታን እንደ በሽታ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ እዚህ አገር ያደግነው። «ለምን የሚፈልጉትን በግልጽ አይናገሩም?» እንላለን። እኔ አልስማማም። «ግድ የለኝም» ውሸት አይደለም፣ ስጦታ ነው፤ የኔን ፍላጎት ለእናንተ ተውኩ ማለት ነው። ዝም አይነቅዝም ብለን ያደግን ሰዎች ዝምታን እንደ መልካም ምግባር ነው የያዝነው። ችግሩ ስጦታውን ሁልጊዜ የሚሰጡት ያው ሰዎች መሆናቸው ነው። የሚጾመው፣ ገንዘብ ያጠረው፣ የታመመው፣ አዲስ የመጣው፤ ልዩ ፍላጎት ያለው ሰው ብዙ ይተዋል፣ ምንም ፍላጎት የሌለው ሰው ምንም አይተውም። ስለዚህ የመራጩ ግዴታ እንዲናገሩ ማስገደድ አይመስለኝም። መናገር የማያስፈልጋቸውን ቦታ መፈለግ ነው።

ይህ ደግሞ ጥያቄውን ይቀይረዋል። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ሳይሆን «ምን አትችሉም?»፤ በግሩፕ ሳይሆን ለየብቻ፣ በስልክ፤ ስለ ሰውየው ራሱ ሳይሆን በጎን። እናቴን ስለ አክስቴ፣ የአጎቴን ልጅ ስለ ባሏ ጠየቅሁ። ስለ አጎቴ ገንዘብ ማንንም አልጠየቅሁም፤ ማወቅ ያለብኝን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው «ቀለል ያለ ቦታ» የሚባለው ነገር ሞራላዊ ትርጉም እንዳለው የገባኝ። ደህና የሚባል ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጁ ከፊትህ ቆሞ ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደምትጠጣ በሁሉም ፊት ይጠይቅሃል። የወይን ብርጭቆ ቀድሞ ተደርድሯል፤ አልጠጣም ያለ ሰው ብርጭቆው ሲነሳ ሁሉም ያያል። ብዙ ቦታ ለትልቅ ቡድን 18 ወይም 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ አንድ ሂሳብ ይመጣል። ከዚያ የምታውቁት ትግል ነው፤ «እኔ ነኝ የምከፍለው፣ ሙች!»። አጎቴ በዚያ ትግል ውስጥ ይገባል። ካሸነፈ ወሩ ተበላሸ፣ ከተሸነፈ ቀኑ ተበላሸ።

የመረጥኩት ናፓ ከተማ ውስጥ በወንዙ ዳር ያለውን ኦክስቦው የገበያ አዳራሽ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ታኮ፣ ፒዛ፣ በርገር፣ ዳቦና ኬክ፣ ቡና፣ ወይን የሚሸጡ ብዙ ትናንሽ ቤቶች አሉ፤ ሁሉም ከፈለገበት ገዝቶ ውጪ ይቀመጣል። አክስቴ ባቄላና አትክልት ያለ አይብ፣ በምን እንደተሠራ ቀድሞ ተጣርቶ። አማቻችን አትክልት። መጠጥ ያቆመው ልጅ ከልጆቹ ጋር ተሰልፎ ሎሚናት ገዛ፤ ማንም ልብ አላለውም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፣ እኔም ራሴን አንስቼበታለሁ። የኛ ማዕድ አንድ ትሪ ነው። ሁሉም የየራሱን ገዝቶ የየራሱን ከበላ አብሮ መብላቱ የት አለ? ያ እኮ አብሮ መብላት ሳይሆን ጎን ለጎን መብላት ነው። እውነት አለው፤ የሆነ ነገር ይቀራል። ግን አንድ ትሪ የሚያምረው ሁሉም ከትሪው መብላት ሲችል ነው። የማትበላውን ትሪ ከበው ሲቀመጡ አክስቴ የምታገኘው ማየት ብቻ ነው። ከፍትፍቱ ፊቱ የምንለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ፊት የሚፈታው ደግሞ ማንም ሰበብ መፍጠር በማያስፈልገው ቦታ ነው።

አጎቴ ዝም አላለም። ዳቦ ቤቱ ጋ ሄዶ ለልጆቹ ኬክ፣ ለአክስቴ የሚጾም ዳቦ በትልቅ ወረቀት ይዞ መጣና ለሁሉም በእጁ እየቆረሰ አከፋፈለ። 30 ዶላር ቢያወጣ ነው። ውዱ ሬስቶራንት ውስጥ ለመስጠት የነበረው ብቸኛ መንገድ አንድ ትልቅ ሂሳብ ነበር፤ እዚህ ግን በአቅሙ ልክ መጋበዝ ቻለ። ፍትሕን የምናስበው ብዙ ጊዜ ማን ምን ያገኛል በሚለው ነው። ማን መስጠት ይችላል የሚለውም የዚያኑ ያህል ይመዝናል።

ደንቡ የማይመልሰው ነገር አለ። ከሁሉ የሚቸገረውን ሰው አስቀድም ካልን፣ መጠጥ ላቆመው ልጅ ከሁሉ የሚሻለው ጭራሽ ናፓ አለመሄድ አልነበረም? ሸለቆው በሙሉ የሱ ፈተና ነው፤ ዓይን እስከሚደርስ ወይን ነው። ጉዞውን ብናስቀር ግን ምክንያቱ እሱ መሆኑ አንድ ቀን ይታወቃል፤ ሚስጥሩን ለመጠበቅ ብለን ሚስጥሩን ልናወጣ ነው። ስለዚህ ለሱ ብቻ ደወልኩ። ቅምሻ እንደማይኖር፣ መቅመስ የፈለገ ከምሳ በኋላ ለብቻው እንደሚሄድ ነገርኩት። «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ።

እሺታው ምን ያህል የራሱ፣ ምን ያህል ይሉኝታ እንደሆነ አላውቅም። አሥር ጊዜ ብጠይቀውም ያው እሺ ነበር የሚለኝ፤ አሥረኛው ላይ ደግሞ ጥያቄዬ ራሱ ሸክም ይሆንበት ነበር። ሰውን መጠየቅ የሆነ ቦታ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ያለ ማብራሪያ መውጣት የሚችልበትን በር ክፍት መተው ነው። በሦስት መኪና እንድንሄድ ሐሳብ ያቀረብኩት ለዚህ ነው፤ ለሌሎቹ ምክንያቱ የልጆቹ ወንበር ነው አልኳቸው። የአንደኛውን ቁልፍ እሱ ያዘ።