የሚጋባ ንጽሕና

ነቢዩ ሐጌ ካህናቱን ሁለት ነገር ጠየቃቸው። አንድ ሰው የተቀደሰ ሥጋ በልብሱ ዘርፍ ቋጥሮ ሲሄድ ዘርፉ እንጀራ ወይም ወጥ ቢነካ፣ የተነካው ምግብ ይቀደሳል? አይቀደስም አሉት። ሬሳ ነክቶ የረከሰ ሰው ያንኑ ምግብ ቢነካውስ፣ ይረክሳል? አዎን፣ ይረክሳል አሉት። ዘመኑ የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ የነገሠበት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 520 ዓመት ገደማ ነው። ከዚህ ጥያቄና መልስ የሚወጣው ሕግ አጭርና መራራ ነው፤ ርኩሰት ይጋባል፣ ቅድስና ግን አይጋባም። ዛሬም አብዛኞቻችን የምንኖረው በዚህ ሕግ ነው። ልጆቻችን ከማን ጋር እንዳይውሉ እንደምንከለክል፣ ለማን ልጅ እንደማንድር፣ ለቅሶ ቤት ከማን አጠገብ እንደማንቀመጥ የሚወስንልን እሱ ነው።

እኔ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የአንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውሃ የምንከባከብ ሰው ነኝ። የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አልቀርም። ሐጌ ያንን ጥያቄ ለእኔ አቅርቦልኝ ቢሆን፣ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፤ ነኪው ወይም ተነኪው በውስጡ ምን ይዟል?

ከዳሞታ ተራራ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ የጠራ ነው። እንዳለ ቀድተን ገንዳ ብንሞላበት ግን ንጹሕ ሆኖ የሚቆየው የመጀመሪያው ዋናተኛ እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው። ሰው ወደ ውሃ ሲገባ ላቡን፣ ምራቁን፣ ከቆዳው የሚረግፈውን፣ አንዳንዴም ሽንቱን ይዞ ይገባል። ገንዳን ከአፈርና ከቅጠል ይልቅ የሚያቆሽሸው ሊዋኝበት የመጣው ሰው ራሱ ነው። መድኃኒት የሌለበት ውሃ ካህናቱ እንዳሉት ነው፤ የነካው ሁሉ ያረክሰዋል፣ እሱ ግን ማንንም አያነጻም።

የዘመኑ ቴክኖሎጂ ለዚህ ችግር ብዙ መላ አምጥቷል። አንዱ የአልትራቫዮሌት መብራት ነው። ውሃው በቧንቧ ውስጥ በመብራቱ ፊት ሲያልፍ፣ 254 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ጨረር የጀርሞቹን ዘረመል ስለሚጎዳው መራባት ያቅታቸዋል። ሌላው ኦዞን ነው። ጉልበቱ ከክሎሪን ይበልጣል፤ ግን ብዙም ሳይቆይ የሚበተን ጋዝ ስለሆነ እዚያው ገንዳው አጠገብ መመረት አለበት። ለሳንባ ስለማይስማማም ውሃው ወደ ዋናተኞቹ ከመመለሱ በፊት እንዲወገድ ይደረጋል። ሁለቱም ሥራቸውን የሚሠሩት ከሰው ርቀው፣ በማሽን ክፍል ውስጥ ተዘግተው ነው። ከዚያ የሚወጣው ውሃ እጅግ ንጹሕ ነው፤ ራሱን የሚጠብቅበት ነገር ግን አልያዘም። ገንዳው ውስጥ ተመልሶ ከሰው ጋር ሲገናኝ እንደማንኛውም ውሃ ይቆሽሻል። ውዱን መሣሪያ ያስገባ ገንዳም ክሎሪን መግዛቱን የማይተወው ለዚህ ነው።

ክሎሪን ከሰው ጋር ይቆያል። ውሃው ታክሞ ካለቀ በኋላ በውስጡ የሚተርፈውን ቀሪ ክሎሪን እንለዋለን። በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ይበቃል፤ በ1000 ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 3 ግራም ማለት ነው። ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት ልክ፣ ግን ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል መጠበቅ አለበት፤ ከዚያ ከፍ ሲል ክሎሪኑ ይደክማል። 7.5 ላይ ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ብርቱ ሆኖ ይገኛል፤ 8 ሲደርስ ከሩብ አይበልጥም። ልኩ ከተጠበቀ እንደ ኢ. ኮላይ ያለ ባክቴሪያ አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆይም። የካህናቱ ሕግ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ርኩሱ ንጹሑን ነካ፤ የተሸነፈው ግን ርኩሱ ሆነ።

ውሃ ውስጥ መድኃኒት መጨመር እምነት ማጉደል የሚመስላቸው ምእመናን አሉ፤ በተለይ ውሃው ለጥምቀት ወይም ለጠበል ሲሆን። ለእነሱ ኤልሳዕን አስታውሳቸዋለሁ። የኢያሪኮ ሰዎች ውሃችን ክፉ ነው ብለው ሲመጡበት፣ ነቢዩ በአዲስ ማሰሮ ጨው አስመጥቶ ምንጩ ውስጥ ጣለ፤ በጌታም ስም ውሃውን ፈወሰ። ምንጭ ውስጥ የተጣለ ጥቂት ጨው ብቻውን ጀርም አይገድልም፤ ኤልሳዕም ኬሚስት አልነበረም። ነገር ግን ጸሎቱንና በእጁ የያዘውን ነገር አላጣላቸውም። ዛሬ በሠለጠነው ዓለም ብዙ ገንዳዎች በሊትር 3 ግራም ያህል ጨው ይጨመርባቸውና ውሃው በኤሌክትሪክ ዘንጎች መካከል ሲያልፍ ጨዉ ራሱ ክሎሪን ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ፣ በበርመል ጊዮርጊስ ጠበል፣ ከብዙ ቦታ በመጡ ጠበልተኞች መካከል ኮሌራ ገብቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠጣውን ውሃ በክሎሪን ማከም የባልንጀራን ነፍስ መጠበቅ ነው፤ ባልንጀራን መውደድ ደግሞ ራሱ ትእዛዝ ነው።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ ግን ገንዳው ዳር ያየሁት ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሽማግሌ ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በታች አብጧል፤ ዝሆኔ ነው። ቆዳው ደረቅ፣ የታጠበ፣ አንድም ቁስል የሌለበት ነበር። ጥበቃው በር ላይ አስቆማቸው። "አባባ፣ እርስዎ እንኳ ውሃው ውስጥ አይግቡ፤ ሰው ይጸየፋል" አላቸው። ልጃቸው ሊከራከር ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። "ተወው ልጄ፤ እኔ ጥላው ሥር እቀመጣለሁ" አሉ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄጄ በሽታው እንደማይተላለፍ ነገርኩት። "አውቃለሁ፤ ደንበኛው ግን አያውቅም" ብሎ መለሰልኝ። በዚያው ሰዓት አንዲት እናት፣ ሕፃኗን ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥ እንደያዘው ለጓደኛዋ እያወራች፣ ውሃው ውስጥ ታጫውተው ነበር። ሁሉም ፈገግ ብሎ ያያቸዋል። ሕፃኑን ይዛ እንድትወጣ በትሕትና ስለምናት የተቆጡት በእኔ ነበር።

ወላይታ ይህን የእግር በሽታ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዞኑ ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነውን እንደያዘው አሳይቷል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ስሙን ያወጣለትና መነሻው አፈሩ መሆኑን ያስረዳው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈራችን ውስጥ ያለው ደቃቅ ማዕድን በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያቆስላል፤ እግሩም ያብጣል። ጀርም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ ግን በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ይይዛል። ጎረቤትም የቤተሰቡ እርግማን ነው ይላል፤ ልጆቹን የሚያገባ ይጠፋል።

አክስቴ ይህ በሽታ ነበረባት። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ የምትቀመጠው በሩ አጠገብ፣ ከኋላ ነበር፤ ከእግሯ የሚወጣው ሽታ ሰው እንዳይረብሽ። ኋላ ዶክተር ናታን ባርሎ ሶዶ ላይ ለእነዚህ ሕሙማን የመሠረቱት ማኅበር ሕክምናውን አስተማራት። ሕክምናው ቀላል ነው። እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፤ በየቀኑ። ሽታው የሚመጣው በቆዳው እጥፋት ውስጥ ከሚራባ ባክቴሪያ ስለሆነ ይጠፋል፤ እብጠቱም ይቀንሳል። ሳፋዋ ውስጥ ጠብ የምታደርገው በረኪና እኔ ገንዳ ውስጥ ከምጨምረው ጋር አንድ ዓይነት ክሎሪን ነው። እሷን ያዳነው መድኃኒት ያለበት ውሃ፣ እሷን የመሰለውን ሽማግሌ የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ውሃው አልፈራም፤ የፈራነው እኛ ነን።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ላይ ኢየሱስ ለምጻሙን ዳሰሰው። በቃሉ ብቻ ሊያነጻው ይችል ነበር፤ እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ነካው። በካህናቱ ሕግ መሠረት መርከስ የነበረበት የነካው ነው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ንጽሕናው ወደ ለምጻሙ ተጋባ። ሐጌም ካህናቱም አልተሳሳቱም። የተናገሩት በውስጡ ምንም ቀሪ ስለሌለው ንጽሕና ነበር። እንዲህ ያለው ንጽሕና ከሰው መሸሽ ግዴታው ነው፤ ሌላ መከላከያ የለውም። በውስጡ ኃይል ያለው ንጽሕና ግን ወደ ሰው ይሄዳል።

እንዲህ ስል ግን መለየት ሁሉ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ክሪፕቶስፖሪድየም የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተባይ አለ፤ በሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን ባለበት ውሃ ውስጥ ከ10 ቀን በላይ በሕይወት ይቆያል። የሚመጣው ተቅማጥ ካለበት ሰው ነው። ለእሱ አልትራቫዮሌት፣ ጥሩ ማጣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የታመመውን ሰው ለጊዜው ከውሃው ማቆየት ያስፈልጋል። ያልዳነ ቁስል ያለበትም እስኪድን ይጠብቅ። የሙስሊም ሊቃውንት ውሃን በቀለሙ፣ በጣዕሙና በሽታው ይመረምሩ ነበር፤ የስሜት ሕዋሳት ከሚሰጡት ፍርድ የተሻለ አልነበረምና ብልህ መለኪያ ነበር። ይህ ተባይ ግን ቀለምም ጣዕምም ሽታም የለውም። ያበጠ እግር ዓይንን ይረብሻል እንጂ ውሃውን አይጎዳም፤ የሚያምረው ሕፃን ደግሞ ሳያውቅ ገንዳውን ሁሉ ሊበክል ይችላል። መጸየፍ እውቀት አይደለም። የሚለይ ሰው የሚለይበትን ምክንያት ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱ ሲያልፍ ደግሞ በሩን መክፈት አለበት።

ቀሪ የሚባለውም ነገር ዘላለማዊ አይደለም። ፀሐይ ትበላዋለች፤ ሰው ሲበዛ ያልቃል። ብዙዎች ገንዳ ዳር የሚያውድ የክሎሪን ሽታ ሲያገኙ ውሃው ንጹሕ ነው ብለው ይረካሉ። ሽታው የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲጣመር ክሎራሚን ይሆናል፤ ያ ነው የሚሸተውና ዓይን የሚያቃጥለው። በደንብ የተያዘ ገንዳ እምብዛም አይሸትም። ከሩቅ የሚሸት መንፈሳዊነትም እንዲሁ ይመስለኛል። ቃሉና አለባበሱ ሁሉ ንጽሕና ንጽሕና ይላል፤ ሲፈተሽ ግን ለሚቀጥለው ሰው የሚተርፍ ነገር የለውም፤ በትናንትናው ተጠምዶ አልቋል። ሶዶ ላይ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ አልትራቫዮሌቱም ይጠፋል። ያን ጊዜ ዋናተኞቹን የሚጠብቃቸው ማሽን የለም፤ ጠዋት ተለክቶ የተጨመረው ብቻ ነው። ማንኛውም የእምነት ማኅበርም የሚፈተነው ሰባኪውና ማይክራፎኑ በሌሉበት ሰዓት፣ በበር ላይ በቆመ እንግዳ ነው።

አባቶቻችን የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ሲቃረብ ቤት ያጸዳሉ፤ የተጣላውንም ያስታርቃሉ። ሁለቱን ሥራ በአንድ ሰሞን ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሰው ከሰው ጋር ሳይገናኝ ንጹሕ መሆን ቀላል ነው፤ ማንም ያልገባበት ገንዳ ውሃም እንዲሁ ነው፤ ግን ለማንም አልጠቀመም።

ስለዚህ ገንዳ ለምታስተዳድሩ ሁሉ የምለው ይህን ነው። ቀሪ ክሎሪኑንና ፒኤቹን በየቀኑ ለኩ፤ ሰው ሁሉ ከመግባቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ፤ ተቅማጥ ያለበት ሁሉ፣ የባለሥልጣን ልጅም ቢሆን፣ ይቆይ። ዝሆኔ ያለበትን፣ ቁስል የሌለውን ሰው ግን በር ላይ አታስቁሙ። ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ልመናዬ ያው ነው፤ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጡትን ወደ ፊት አምጡ። ንጽሕናችን እነሱን ሲነካ የሚረክስ ከሆነ፣ ቀድሞውንም ንጽሕና አልነበረም።