ደረቀ እንጂ አልተበላሸም



የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሦስት ጓደኞቼን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ብዙ ዓመት ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የለፋች ሴት ናት። እዚያ ከለመደቻቸው ነገሮች አንዱ ኡሙ ዓሊ የሚባለው የግብፆች ጣፋጭ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የደረቀ ዳቦ ተቆራርሶ በትሪ ይደረደራል፤ ከስኳርና ከሄል ጋር የፈላ ወተት ይፈስበታል፤ ዘቢብና ኦቾሎኒ ካለ ጣል ይደረግበትና ላዩ ቡናማ እስኪሆን በኦቭን ይጋገራል።

የሰነበተ ዳቦ ስትቆራርስ ሳያት አፈርኩ። "ለእንግዳ የደረቀ ዳቦ? ኬክ ልግዛ እንዴ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ልጄ፣ ደረቀ እንጂ አልተበላሸም" አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

ጥያቄዬ መሠረት አልነበረውም አልልም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 267ኛው አንቀጽ፣ ለእኛ ቢሰጠን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መጥፎ ነገር እንዳንመጸውት ከልክሎናል። ነገሩ ስለ ምጽዋት ቢሆንም ለእንግዳም ሚዛን ይሆናል። ታዲያ ቁጠባ የት ላይ ያበቃል? ንፉግነትስ የት ይጀምራል?

መልሱ እዚያው ትሪ ላይ ነበር። አክስቴ የሻገተ እንዳይኖር እያንዳንዱን ቁራሽ አገላብጣ አይታለች። የመጀመሪያውን ሳህን ሞልታ ለጎረቤቷ ላከች። ቀጥሎ ለእኛ አቀረበች። በመጨረሻ ከዚያው ትሪ ራሷም በላች። ንፉግ ግን የተሻለውን ለራሱ ደብቆ የተረፈውን ለሰው ያቀርባል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የወደቀች ጉርሻ እንኳ ቆሻሻዋ ተጠርጎ እንድትበላ እንጂ ለሸይጧን እንዳትተው አዘዋል። በረካው በየትኛው የምግባችን ክፍል እንዳለ አናውቅምና። እሳቸው ጣፋጭና ማርም ይወዱ ነበር። ስለዚህ መቆጠብ ማለት ጣዕምን መጥላት አይደለም፤ ኒዕማን አለማባከን ነው። በሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ የተወደሱት ባሮችም ሲያወጡ የማያባክኑ፣ የማይሰስቱም፣ በመካከል የሚቆሙ ናቸው።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ይህን ለሰው ሳቀርብ እኔስ እበላዋለሁ? የቆጠብኩትስ ወዴት ሄደ?

የሁለተኛውን መልስ ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶብኛል። እናቴ በየወሩ ትልክልኝ የነበረው የኪስ ገንዘብ ከአክስቴ እጅ ይወጣ እንደነበር የሰማሁት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ያን ቀን ልገዛ ያሰብኩት ኬክ በእሷው ገንዘብ ነበር። ያፈርኩበት የደረቀ ዳቦ ደግሞ እኔን ያስተማረኝ ነበር።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ የዳቦውን ከረጢት ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ክፈቱት። በእኛ ስም የሚቆጥብ ሰው ካለም ሳይረፍድ እናመስግነው።

አላህ በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን። ጁሙዓ ሙባረክ!