ጦም ያደረ መሬት

በገጠር መንገድ ስሄድ ጦም ያደረ መሬት ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ባለቤቱ ትቶት ሄዶ ይሆን? ታሞ ይሆን? ወይስ አፈሩ እንዲያገግም ሆን ብሎ አሳርፎት? ከአጥሩ ውጪ ለቆመ መንገደኛ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ የሚታየው አረም ብቻ ነው።

ይኸው ጥያቄ ከእርሻ በራቀ ስፍራ፣ በኮምፒውተር ዓለም ውስጥም አለ። “ክፍት ምንጭ” የሚባሉት ሶፍትዌሮች አሠራራቸው ለሁሉም የተገለጠ ነው፤ የፈለገ ያነባቸዋል፣ ይቀዳቸዋል፣ ያሻሽላቸዋል። ብዙዎቹን የሚንከባከባቸው ግን ያለ ደመወዝ የሚሠራ አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው አንድ ቀን ዝም ይላል። ቢጽፉለት አይመልስም፤ ስሕተት ቢያሳዩት አያርምም። ያን ጊዜ ሥራው የማን ነው?

“ፈቃዱ ይፈቅድልናል፤ እንውሰደው” የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ግን ኮዱን ነው፤ ስሙን አምነው ፕሮግራሙን የጫኑትን ሰዎች እምነት አይሰጥም። እንደ እኔ እምነት ዘሩ የሁሉም ነው፤ ስሙ ግን አደራ ነው።

ኦፕን ኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 በኦራክል ኩባንያ እጅ ሲገባ፣ ስለ ዕጣው የሰጉ አዘጋጆች ኮዱን ቀድተው ወጡ። ስሙን እንዲለቅላቸው ኩባንያውን ጠየቁ፤ አልለቀቀላቸውም። ስለዚህ ለጊዜው ባወጡት ሊብሬ ኦፊስ በሚል የራሳቸው ስም ቀጠሉ። ተጠቃሚው ማንን እንደሚያምን አውቆ መረጠ።

የኤክስ ዜድ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ፋይል ጨምቆ የሚያሳንሰውን ይህን ፕሮግራም የያዘው ሰው ጤናው ታውኮ ሥራው ሲጓተት፣ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2022 “ለሌላ ልቀቅ” እያሉ ወተወቱት። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ረዳት ሥልጣኑን ተካፈለ፤ በ2024 ፕሮግራሙ ውስጥ ስውር የጓሮ በር ተገኘ። ያወቀበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ የጠረጠረውም ወደ ኮምፒውተር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነበር።

“ታዲያ ሥራው እስኪበሰብስ እንጠብቅ?” የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ያልተደፈነ ቀዳዳ ተጠቃሚውን ይጎዳል። ሆኖም ያለቀ ሥራ እንደ ሞተ ሥራ ዝም እንደሚል አንርሳ። የዴቢያን ማኅበረሰብ መልካም ልማድ አለው። መቀጠል ያልቻለ ሰው የያዘውን ፕሮግራም “ወላጅ አልባ” ብሎ በይፋ ያስታውቃል፤ የጠፋ እንደሆነም በቅድሚያ ይፈለጋል፣ ይጠየቃል። ርክክቡ ሁሉም እያየ ይፈጸማል።

እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የዕድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራ በዛብኝና መዝገቡን መሙላት ተውኩ፤ ተውኩ ለማለት ግን አፈርኩ። አባላቱም አክብረውኝ ዝም አሉ። ወራት አለፉ፤ የማን መዋጮ እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ቤቴ ድረስ መጥተው “ልጄ፣ ደክሞህ ይሆን?” አሉኝ። “አምጣ” አላሉኝም። መዝገቡን በዚያው ምሽት አስረከብኩ፤ እንቅልፌም ተመለሰ።

ዝምታ ለበግም አልበጃት ይባላል። በነፃ የሠራ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ዕዳ የለበትም፤ “በቃኝ” የሚል አንድ ቃል ግን ዕዳ አለበት። የቀረነውም አጥሩን ከመነቅነቃችን በፊት “ደክሞህ ይሆን?” የማለት ዕዳ አለብን። መልስ ከጠፋ ደግሞ ዘሩን ወስደን በራሳችን ማሳ፣ በራሳችን ስም እንዝራው።