ፊትን ማደስ ወይስ ዕድሜን መካድ?

ሰው የገዛ ፊቱን የሚያየው በመስተዋት ነው፤ ያለ መስተዋት ዘወትር የሚያዩት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ፊታችን የእኛ ሆኖ ሳለ የሌሎችም ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ ሲፈካና ሲቋጠር አይተው ልባችንን ያነቡበታልና። ታዲያ ይህን ፊት እንደ ፈቃዳችን ብናድሰው የምንበድለው ማንን ነው?

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዶክተር ሃሮልድ ጊሊስ በእንግሊዝ አገር ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ የፈረሰባቸውን ወታደሮች በቀዶ ሕክምና ጠግነዋል። ይህን ጥበብ ማን ይነቅፈዋል?

ዛሬ ግን ቢላዋ ለመርፌ ስፍራውን እየለቀቀ ነው። በተበላሸ ምግብ ውስጥ ሰውን የሚገድለው የቦቱሊነም መርዝ፥ በእጅጉ ተመጥኖ ሲወጋ፥ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ ይገታል። አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ዶክተር አላን ስኮት ለሕክምና ያዋሉት ዓይናቸው ለተንሸዋረረ ሕሙማን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. በቫንኩቨር ከተማ ዶክተር ጂን ካሩዘርስ የዓይን ቆባቸው ለሚርገበገብ ሕሙማን ሲሰጡት፥ በቅንድብ መካከል ያለው መጨማደድ መለስለሱን አስተዋሉ፤ ከባለቤታቸው ከቆዳ ሐኪሙ ከዶክተር አላስቴር ጋር ሆነውም ጥናታቸውን በ1992 አሳተሙ። የአሜሪካ መንግሥት በ2002 ለዚሁ ተግባር ፈቀደው። ኃይሉ ግን ከሦስት እስከ አራት ወር ያህል ብቻ ይቈያል። የጐደጐደ ጉንጭ የሚሞላበት መርፌም ስቶ ደም ሥር ከገባ ቆዳን ሊያሞት፥ ዓይንንም ሊያሳውር ይችላል።

ለጌጥ መወጋት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን ድዳቸውንና አንገታቸውን ተነቅሰዋል። ነገር ግን ንቅሳት በገላ ላይ ምልክት ይጨምራል፤ አዲሱ መርፌ ዕድሜ የጻፈውን ይፍቃል። የነገሩም ብርታት በቀላልነቱ ላይ ነው። ቢላዋ በነበረ ጊዜ ሕመሙና ወጪው ራሳቸው አማካሪዎች ነበሩ። አሁን ግን ሥራው ከምሳ ዕረፍት ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል፤ ውሳኔው ስላነሰም በየጥቂት ወሩ ይደገማል። አንድ ጊዜ ተቈርጦ ያልቅ የነበረው ነገር መጨረሻ የሌለው ግብር ይሆናል።

ይሁን እንጂ ፊቱን የሚያስወጋውን ሰው ከመንቀፋችን አስቀድመን የገዛ ዓይናችንን እንመርምር። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» እየተረትን፥ ለሥራ የመጣውን ሰው ሙያውን ሳንጠይቅ በመልኩ የምንመዝን፥ ሰላምታ ሳንጨርስ «ምነው አረጀህ!» የምንል እኛ ነን። ሽበትን እናከብራለን እያልን ሽበቱን የደበቀውን የምናደንቅም እኛው ነን።

እንግዲህ ሕመምን የሚያስታግስና የፈረሰውን የሚጠግን ሐኪም ምስጋና ይገባዋል። ጤነኛውም ሰው በገላው ላይ ባለመብት ነው፤ ሆኖም ከመርፌው በፊት «የምሸሸው ምንን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ደስ ብሎት የሚያጌጥና አፍሮ የሚደበቅ አንድ አይደሉምና። ግንባርን የሚያለሰልስ መርፌ ተገኝቷል፤ እፍረትን የሚያርቀው ግን የተመልካች በጎ ዓይን ነው።