የድብርት ኪኒንና ተወኩል



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻ ስለ ራሴ ነው። ለብዙ ሳምንታት ሳዘገየው ቆይቻለሁ፤ ያዘገየኝም ሀፍረት ነው። ግን ከደርስ በኋላ ሰው እስኪበተን ጠብቃችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ የድብርት መድኃኒት መውሰድ የኢማን ድክመት ነው?»

ከመመለሴ በፊት ማን እየመለሰላችሁ እንደሆነ እወቁ። እኔ ለአንድ ዓመት ከአራት ወር በየቀኑ አንድ ኪኒን ስውጥ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ የጠየቀኝን ልጅ በስህተት መልሼ ጎድቼዋለሁ።

ከልጁ ልጀምር። የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ነው። ኪታብ ከሚቀሩብኝ ወጣቶች አንዱ፣ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ለድብርትና ለጭንቀት ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እየወሰደ እንደሆነ ነገረኝ። «ልቀጥል ወይስ ልተው?» አለኝ። ብዙም ሳላስብ «ቁርኣን የያዘ ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል? አዝካርህን አጥብቅ፣ ሌሊት ቁም፣ በአላህ ተመካ» አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ። እኔም ጥሩ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። መድኃኒቱን በዚያው ሳምንት አቆመ። ከሁለት ወር በኋላ ታላቅ ወንድሙ ደውሎ ሆስፒታል መግባቱን፣ ትምህርቱንም ማቋረጡን ነገረኝ። «ቀደር ነው» አልኩ። ቀደር ነበር። ግን የኔም እጅ ነበረበት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ተራው የኔ ሆነ። የሞተብኝ ሰው የለም፣ የጠፋብኝ ገንዘብ የለም። ቤቴ ሰላም ነው፣ ልጅ ተወልዶልኛል። እንዲያው ያለ ምክንያት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረቴ ተጨብጦ እነቃለሁ። ደርስ ለመስጠት ስቀመጥ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቁርኣን ስከፍት ፊደሉ ይታየኛል እንጂ ወደ ልቤ የሚወርድ ነገር የለም። ልጄ ስታለቅስ ከሌላ ቤት የመጣ ድምፅ ይመስለኛል። መብላት አስጠላኝ። እየዋለ ሲያድር «ዛሬ ተኝቼ ባልነቃ» ማለት ጀመርኩ።

የወሰድኩት እርምጃ ልጁን የመከርኩትን ነበር፤ አዝካር ጨመርኩ፣ ሌሊት ቆምኩ። ልቤ አልመለስ ሲል ግን «ሙናፊቅ ብሆን ነው እንጂ ቁርኣን እንዴት አይነካኝም?» አልኩ። ወገኖቼ፣ ይህ ሕመም በምትፈራው ነገር ይመጣብሃል። ነጋዴን በኪሳራ፣ እናትን በልጇ ያስፈራታል። እኔን በኢማኔ መጣብኝ።

እናቴ ከወሎ ዘምዘምና ጥቁር አዝሙድ ላከችልኝ። ሩቅያ አስቀራሁ፤ ያን ምሽት ቀለለኝ፣ በማግስቱ ተመለሰ። በመጨረሻ ባለቤቴ «ስኳር ቢይዝህ ኖሮ ትደብቀው ነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ሀገር ቤት ሄጄ ኪታብ ያስቀሩኝን ሸይኽ አማከርኳቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ስለ ጂን ወይም ስለ ዐይን ይጠይቁኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ግን «እንቅልፍ አለህ? ምግብ ይበላልሃል?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ የዐይኔን ሞራ ያነሳልኝ ሐኪም ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ዱዓ አድርጌያለሁ። አላህ ዱዓዬን የመለሰው በዚያ ሐኪም እጅ ነው። አንተስ ለዱዓህ የሚመጣውን መልስ በር ዘግተህ ነው እንዴ የምትጠብቀው?» አሉኝ።

በሳምንቱ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ሐኪሙ ብዙ ጠየቀኝ፣ ደም አስመረመረኝ፣ ከዚያ ፍሉኦክሰቲን የሚባል መድኃኒት 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ አዘዘልኝ። ቶሎ እንደማይሠራ፣ ለውጡ ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያቅለሸልሸኝና እንቅልፍ ሊነሳኝ እንደሚችል፣ ሲሻለኝም በራሴ ውሳኔ ድንገት ማቆም እንደሌለብኝ አስረዳኝ። እንዳለውም ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ የባሱ ነበሩ። በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ዐስር ሰግጄ ስወጣ ጫማዬን የት እንዳስቀመጥኩ አስታወስኩ። ለወራት ከመስጂድ በወጣሁ ቁጥር ጫማዬን ስፈልግ ነበር የምቆየው። በሩ ላይ ቆሜ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ለካ መሻል እንዲህ በትንሽ ነገር ይጀምራል።

ግን ከመሻሉ ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ መጣ። ድሮ ሱጁድ ላይ ዕንባዬ ቅርብ ነበር። መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ ዕንባዬ ደረቀ። ልቤ ተረጋግቷል፣ ሶላቴን በሥርዓት እሰግዳለሁ፤ ግን አላለቅስም። እንዲህም አልኩ፦ ያ መረጋጋት የኪኒን ከሆነ ኹሹዑ የማን ነው? ያለቀስኩትስ አላህን ፈርቼ ነበር ወይስ ታምሜ? ትክክለኛው እኔ የትኛው ነኝ?

ብዙ ካሰብኩ በኋላ መልሱን ያገኘሁት ልጆች ሳለን በተማርነው ቀላል ፊቅህ ውስጥ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብ ቀርቦ ሳለ፣ ሰው እየራበው፣ ወይም ሽንት እያስቸገረው እንዳይሰግድ አስተምረዋል። ይህ ምን ማለት ነው? ዲናችን ራሱ ኹሹዕ ከገላ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያውቃል ማለት ነው። የተራበ ሰው ልቡ ምግቡ ጋር ነው፤ ብላና ስገድ ተባለ። ታዲያ ምሳውን በልቶ ተረጋግቶ የሰገደን ሰው «ኹሹዕህ የእንጀራው ነው» የሚለው አለ? የለም። እንጀራው ልቡ የሚያርፍበትን ቦታ አመቻቸለት፤ ወደ አላህ የዞረው ግን እሱ ነው። ኪኒኑም ለኔ ከዚህ ያለፈ ነገር አላደረገም። በኔ ቦታ አልሰገደም። እንድቆም አቆመኝ፤ ኒያው የኔ ነበር። ዕንባ የአላህ ስጦታ ነው፤ የኢማን ሚዛን ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሳያለቅስ በሰዓቱ የቆመ ባሪያም ባሪያ ነው።

ሐዘንም የኢማን ማጣት ምልክት አይደለም። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ዐይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል፤ ነቢይነታቸው አልተነካም። መርየም (ዐ.ሰ) ምጡ ሲይዛት ከዚህ በፊት በሞትኩ ብላለች፤ ከአላህ የመጣላት መልስ ማጽናኛ፣ ቴምርና ውሃ ነበር። ልብ በሉ! የተጨነቀችው እናት የምትበላውና የምትጠጣው ተሰጣት። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሰው ሲሞትባቸው ለሐዘንተኞች ተልቢና ታሠራ ነበር፤ የታመመን ልብ እንደሚያሳርፍና ሐዘንን እንደሚያቀል ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምታ ነው። ተልቢና የገብስ ነው፤ የኛን እናቶች አጥሚት አስቡ። ለሐዘን በአፍ የሚገባ ነገር መስጠት እንግዲህ ትናንት የመጣ አይደለም።

ሊቃውንቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በ322 ዓመተ ሂጅራ (934 እ.ኤ.አ.) ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ገላና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው ኪታብ ሐዘንን ለሁለት ይከፍላል፤ ምክንያቱ የሚታወቅና ምክንያቱ የማይታወቅ። ሁለተኛውን መነሻው ከገላ ነው ይልና ገላን ማከምን ይመክራል። ሺህ ዓመት ያለፈው ሙስሊም ሐኪም የኔን «ያለ ምክንያት» ለይቶ ያውቀው ነበር፤ እኔ ግን ኪታብ እያስቀራሁ አላውቀውም ነበር።

«ግን በሰብር መታገስስ?» ትሉኛላችሁ። ትክክል ነው፤ የሚጥል በሽታ የነበረባት ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ዱዓ ጠየቀች። ከታገስሽ ጀነት፣ ከፈለግሽ ደግሞ ዱዓ አደርግልሻለሁ ብለው አስመረጧት። ሰብርን መረጠች፤ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ አስደረገች። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ያላስተዋልኩት ግን የመረጠችው እሷ ራሷ መሆኗን ነው። ማንም አልመረጠላትም። እኔ ለዚያ ልጅ የመረጥኩለት እኔ ነኝ። በራሴ ገላ ብታገስ ሰብር ይባል ይሆናል፤ በሰው ገላ ላይ የምታገሰው ምን ይባላል? ደግሞ ድብርት ሲጸና የሚመርጠውን ልብ ራሱን ያደክመዋል። መምረጥ ያቃተውን ሰው «ታገስ» ማለት እግሩ የተሰበረን ሰው «ሩጥ» እንደማለት ነው።

ሌላም ሐዲስ አለ፤ ሳነበው አሁንም ያሸማቅቀኛል። በጉዞ ላይ ራሱ የተፈነከተ ሰው ጀናባ ሆነና በተየሙም መብቃቃት ይችል እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውሃ እያለህ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ በብርቱ ተቆጡ፤ ሞቱን በነሱ ላይ አደረጉት፤ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነም ተናገሩ። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ለዲን የተቆረቆሩ ነበሩ። ግን የቁስሉን ነገር ሳያውቁ ስለ ቁስለኛው ፈረዱ። እኔም እንደነሱ ነበርኩ።

ተሽሎኝ መድኃኒቱን በሐኪሙ ክትትል ቀስ በቀስ ቀንሼ ካቆምኩ በኋላ ለልጁ ደወልኩለት። ድኖ ትምህርቱን ጨርሷል፤ አልሐምዱሊላህ። «አውፍ በለኝ» አልኩት። ዝም አለና «ኡስታዝ፣ ያኔ ያሳመነኝ መልስዎ አይደለም። እርግጠኛ ሆነው መናገርዎ ነው» አለኝ። አውፍ ብሎኛል። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ደርስ ከመጀመሬ በፊት ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። መድኃኒት መውሰድ ከተወኩል አያወጣም። ተወኩል የልብ ሥራ ነው፤ ልብ በኪኒኑ ላይ ሳይሆን ኪኒኑን ሰበብ ባደረገው ጌታ ላይ ሲደገፍ ነው። ግመልህን እሰርና ተመካ የሚለውን ምክር ለንግዳችንና ለፈተናችን ሁላችንም እንጠቀምበታለን፤ ለታመመ ልባችን ሲሆን ግን ገመዱን እንደብቃለን። ሩቅያውንም፣ ዱዓውንም፣ አዝካሩንም አትተዉ። እኔም አልተውኩም። መድኃኒቱም ብቻውን ሁሉን አላደረገልኝም፤ እንቅልፌን ማስተካከልና ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ረድቶኛል። ሐዘን ሁሉ ሕመም አይደለም፤ ለሐዘን ሁሉም ኪኒን አይታዘዝም። ያንን ለይቶ የሚነግርህ ግን ሐኪም ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ጥቂት አደራዎች አሉኝ። የጀመራችሁትን መድኃኒት የጓደኛም ሆነ የኡስታዝ ቃል ሰምታችሁ አታቁሙ። ረመዷን ሲመጣ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ እንደኔ በቀን አንዴ የሚዋጥ ከሆነ ለሱሑር ወይም ለኢፍጧር ማዞር ይቻላል። ጫት የምትቅሙ ለሐኪሙ አትደብቁት፤ የምርቃናው ማግስት የሚመጣው ድብርትና ዱካክ ሕክምናውን ያበላሻል። በተለይ ከ25 ዓመት በታች ያላችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉ ሐሳብ ከበረታባችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ። መሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ያለበት ደግሞ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይናገር፤ ሌሊቱን ብቻውን አይደር። የተነገራችሁም አትፍረዱ፤ አብራችሁት ሐኪም ቤት ሂዱ። ይህ ከሱና ዚያራ አይተናነስም።

ያ ረብ! የታመሙ ልቦችን አሽራቸው፤ ሰበቡን ካስገኘህላቸው በኋላ በኛ ምላስ አትዝጋባቸው። ሳናውቅ የጎዳናቸውን ካስልን፣ ለኛም ማርልን።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን አትርሱ፤ በነቢያችን ላይ ሶለዋት አብዙ። የተባረከ ጁሙዓ ይሁንላችሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።