ሠላሳ ጠዋት ያለ ክላክስ

መካኒሳ አቦ አንድ ጎረምሳ ነበር። ዕቁብ ደረሰውና 150 ሲሲ ሞተር ገዛ። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ሞተር እንዳሻው የሚነዳ የለምና ማኅበር ገብቶ ፈቃዱን አወጣ፤ ምግብ በየቤቱ ሊያደርስ። ሰኞ ጀምር አሉት።

ጎረቤቱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ ጥፍራቸው ሥር የገባው ግራሶ በሳሙና የማይለቅ።

«ጋሼ፣ መርቁልኝ» አላቸው።

ሞተሩን ዞረው ዞረው አዩትና «ሠላሳ ጠዋት ስጠኝ» አሉት።

«መንዳት እኮ እችላለሁ ጋሼ። ከጀሞ ሳር ቤት በስንት ደቂቃ እንደምገባ ብነግርዎ አያምኑኝም።»

«እሱን አልጠየቅሁህም ልጄ።»

ጎረምሳው አሰበ። የዕቁቡ ዕዳ ገና ነው። ጠዋት ደግሞ የቁርስ ሰዓት ነው፤ ጥሩ ሥራ ያለው ያኔ ነው። ግን ሽማግሌውን እንቢ ማለት ከበደውና እሺ አለ።

በመጀመሪያው ጠዋት ሽማግሌው ካቻቢቴ ይዘው መጡ። ጎንበስ ብለው የሞተሩን ክላክስ ፈቱና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ምነው ጋሼ?»

«እኔ ጋ ይቆይ።»

ከዚያ አሸዋ የተሞሉ ስምንት ባዶ ሃይላንዶች ሜዳው ላይ ተራ በተራ አቆሙ። «በመሃላቸው እየተጠማዘዝክ እለፍ። እኔ ከጎንህ በከዘራዬ እሄዳለሁ። እንዳትቀድመኝ። እግርህም መሬት እንዳይነካ።»

ጎረምሳው ሁለተኛው ሃይላንድ ጋ ወደቀ። ሞተሩ ከ120 ኪሎ በላይ ነው፤ ሲያነሳው ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። አነሳው፤ እንደገና ወደቀ።

«በፍጥነት ስትሄድ ሞተሩ ራሱን ያቆማል» አሉት። «ያኔ አንተ ጭነት ነህ። ስትዘገይ ግን የሚያቆመው አንተ ነህ። ነጂ የምትሆነው ያኔ ነው።»

ቀስ በቀስ አስተማሩት። ፍሪሲዮን ሙሉ በሙሉ አይለቀቅም፣ ሙሉ በሙሉም አይጨበጥም፤ መሃል ላይ ሞተሩ ሊሄድ ሲል የሚያንገራግርባት ቦታ አለች፤ ግራ እጅህ እዚያች ቦታ ላይ ይኑር። ነዳጁን አታወዛውዘው። ቀኝ እግርህ የኋላውን ፍሬን በስሱ ይርገጥ። የፊት ፍሬን በፍጹም፤ መሪውን አዙሮ የፊት ፍሬን የያዘ ሰው ወዲያው መሬት ላይ ነው። ዓይንህንም ከሃይላንዱ ላይ አንሳ፤ ያየኸውን ትገጫለህ፤ መውጫውን እይ።

በሜዳው ዳር ጠዋት ጠዋት ተማሪዎች ያልፋሉ። በሰፈሩ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ፤ ልጆቹ በእጃቸው እያወሩ ይመጡና ቆም ብለው ያዩታል። ሲወድቅ ይስቃሉ። ሦስት ሃይላንድ ካለፈ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ጣቶቻቸውን ያርገበግባሉ። ጭብጨባቸው ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጎረምሳው ተማረረ። «ጓደኞቼ የዕቁባቸውን ዕዳ እያቃለሉ ነው። እኔ ሃይላንድ እዞራለሁ። ጋሼ፣ ይበቃኛል፤ ክላክሴን ይስጡኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ክላክሱን አወጡ። በመዳፋቸው ይዘውት «ከመውሰድህ በፊት አቦን እንሳለም» አሉት።

ቤተ ክርስቲያኑ ደረሱ። ሽማግሌው ከሥዕሉ ፊት ቆሙ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጠጉራቸው ሰውነታቸውን ሸፍኖት ቆመዋል፤ 60ው አንበሳና 60ው ነብር በቀኝና በግራቸው ናቸው።

«እነዚህ ከጻድቁ ጋር አገር ለአገር ዞረዋል» አሉ ሽማግሌው። «ጻድቁ ሽማግሌ ናቸው። አንበሳው በሽማግሌ እርምጃ የሄደው መሮጥ አቅቶት ይመስልሃል?»

ጎረምሳው የአንበሳውን እግር ረጅም ሰዓት ተመለከተ። ከዚያ ዞር ብሎ የሽማግሌውን መዳፍ በቀስታ አጠፈውና ክላክሱን መልሶ አስያዛቸው።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ከሽማግሌው ቀድሞ ተገኘ።

በሠላሳኛው ጠዋት በስምንቱ ሃይላንድ መሃል ሄዶ ተመለሰ፤ ሽማግሌው ደክሟቸው ቆም ሲሉ እንኳ እንዳይቀድማቸው ዙሪያቸውን ዞረ። ክላክሱን በገዛ እጃቸው አሰሩለት። «በል ሂድ» አሉት፤ መረቁትም።

መጋቢት 5 የአቦ ክብረ በዓል ነው። ዋናው መንገድ በነጠላ ነጭ ሆኖ ነበርና ጎረምሳው የጾም በያይነቱ ጭኖ በውስጥ በኩል ታጠፈ። በግራ የቆርቆሮ አጥር፣ በቀኝ ክዳን የሌለው ቦይ፣ መሃሉ ጠባብ ኮብልስቶን ነው። ከፊቱ ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ልጅ ጠጠር በእግሯ እየመታች ትሄዳለች።

ክላክስ አደረገ። ልጅቷ አልዞረችም። ደገመ። ጠጠሯን ወደ ግራ መታች፤ ወደ ግራ ሄደች። ወደ ቀኝ መታች፤ ወደ ቀኝ ሄደች።

ከኋላው ሌላ ሞተረኛ ደረሰ። «በቦዩ በኩል ያሳልፍሃል! ግባ!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ የአንድ ሞተር ስፋት ክፍት ነበር።

ጎረምሳው አውራ ጣቱን ከክላክሱ አነሳ። ግራ እጁ ፍሪሲዮኑ መሃል ያለችውን ያችን ቦታ አገኘ። ቀኝ እግሩ የኋላውን ፍሬን ነካ። ዓይኑን ከልጅቷ ጫማ አንስቶ የመንገዱን መጨረሻ አየ። በልጅቷ እርምጃ፣ ከጠጠሯ ጋር፣ ቀስ እያለ ተከተላት። የኋለኛው ሞተረኛ ክላክሱን አላቋረጠም፤ ጎረምሳውን ማለፍ ግን አልቻለም።

መንገዱ ሲያልቅ ልጅቷ ለመታጠፍ ዞር አለችና ሞተሩን ከኋላዋ አየች። ደነገጠች። ከዚያ ወደ እግሩ ተመለከተች፤ ሁለቱም መርገጫው ላይ ናቸው። አወቀችው። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳችና ጣቶቿን አርገበገበች።

ምግቡ ስምንት ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ። ደንበኛዋ በር ላይ ቆማ «ምነው ዘገየህ?» አለችው።

«ከፊቴ ሰው ነበር» አላት።